ባልተዘጋ መዝገብ ሥራ ፍለጋ

በአሜሪካ ለነርስ የሚቀርብ አብዛኛው የሥራ ማመልከቻ መጨረሻው አካባቢ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉት። ስሟ፣ የተማረችበት ኮሌጅ፣ የላይሰንሷ ቁጥር፣ የሠራችባቸው ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች ተሞልተው ካለቁ በኋላ «አዎ» ወይም «የለም» የሚባልበት ጥያቄ ይመጣል። አንዱ ቀጣሪ «በሙያ ፈቃድዎ ላይ የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «በአሁኑ ጊዜ በየትኛውም ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ምርመራ እየተካሄደብዎ ነው?» ይላል። በጥድፊያ ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያው የሚጠይቀው ስለ ተሰጠ ውሳኔ ነው፤ ሁለተኛው አንድ ሰው አንድ ቀን ስለ ጻፈው ጥቆማ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን በእውነት «የለም» ብላ የምታልፍ ነርስ ሁለተኛውን በእውነት «አዎ» ማለት አለባት፤ ያቺ አንዲት «አዎ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀጣሪ ጋር ያላትን ነገር ሁሉ ትዘጋለች።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በቴክሳስ፣ በኮሎራዶ ከሺፍት ወደ ሺፍት የሚሮጡ የሐበሻ ነርሶች ይህን ነገር ያውቁታል፤ ጮክ ብለው ግን አያወሩትም። «ቦርድ ሪፖርት ተደረገች» የሚለው ወሬ በሹክሹክታ ነው የሚሄደው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እየተባለ ያደገ ሰው በስሙ ላይ መዝገብ ሲከፈትበት ለእህቱም ለጓደኛውም ሳይናገር ብቻውን መሸከም ይመርጣል። ዝምታው ጉዳት አለው፤ ምክር በሚያስፈልግበት ሰዓት ምክር አይገኝም፤ ደመወዝ ተቋርጦ አገር ቤት የሚላከው ግን ሳይቋረጥ የሚጠበቅበት ወር ይመጣል።

ምርመራ ራሱ ቅጣት ይሁን ብሎ የደነገገ ሕግ የለም። ይሁን እንጂ ምርመራው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲወስድ፣ ቀጣሪዎችም «ምርመራ» የሚለውን ቃል ብቻ አይተው ማመልከቻውን ወደ ጎን ሲያደርጉ፣ ማንም ያልፈረደው፣ ይግባኝም የማይባልበት ቅጣት ይፈጠራል። ነርሷ እንድትደብቅ ይፈቀድላት አልልም። ታካሚው መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ማን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የምለው ቦርዶች ጉዳዩን በጊዜው ይጨርሱ፣ ቀጣሪዎችም ከቃሉ አልፈው ድርጊቱን ይጠይቁ ነው።

ቦርዶቹ ለምን እንደተቋቋሙ ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ የመጀመሪያው የነርሶች ምዝገባ ሕግ በ1903 በሰሜን ካሮላይና ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሉ። ዓላማው ሕዝብን መጠበቅ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ብዙ ነርሶች የእድሳት ክፍያ ስለሚከፍሉት ቦርዱ የሙያ ማኅበራቸው ይመስላቸዋል፤ መርማሪው ሲደውልም እንደ ባልደረባ ያዋሩታል። እሱ ግን የተቀጠረው ለታካሚው ነው። ጥቆማ ደግሞ ማንም ሊያቀርብ ይችላል፦ የታካሚ ልጅ፣ የቀድሞ አለቃ፣ የተጣላ ባልደረባ፣ የተፋታ የትዳር ጓደኛ ሳይቀር። እንደ ካሊፎርኒያ ያለው ግዛት ስም ያልተጻፈበትንም ይቀበላል። ጥቆማው ከቦርዱ ሥልጣን ውጭ ከሆነ ይዘጋል። ካልሆነ ለነርሷ ደብዳቤ ይላካል፤ የታካሚው ቻርት፣ የመድኃኒት ማውጫው ማሽን መዝገብ፣ የምስክሮች ቃል ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወይ ይዘጋል፣ ወይ በስምምነት ውሳኔ ያልቃል፣ ወይ ችሎት ይቀመጥበታል።

በዚህ ሁሉ መካከል ፈቃዷ የጸና ነው። ነርሲስ በተባለው አገር አቀፍ የፈቃድ ማረጋገጫ ላይ ስሟን የሚፈልግ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው። በቴክሳስ ምርመራው በሕግ ምስጢር ሆኖ ይቆያል፤ ለሕዝብ የሚገለጠው ቦርዱ መደበኛ ክስ ሲመሠርት ነው። በካሊፎርኒያም ነገሩ አደባባይ የሚወጣው ዐቃቤ ሕጉ የክስ ጽሑፍ ካቀረበ በኋላ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት አውቀው ነው፤ ያልተጣራ ጥቆማ የሰው እንጀራ መቁረጫ እንዳይሆን። ማመልከቻው ላይ ያለው ሣጥን ግን ሕጉ ምስጢር ያደረገውን ከራሷ አፍ ያወጣዋል። ግዛቱ «ሥሪ» ያላትን ሴት ገበያው «ቆዪ» ይላታል፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግራት የለም።

«እስከ መቼ» የሚለው ነው የነገሩ እምብርት። በሐምሌ 2009 ፕሮፐብሊካ እና ሎስ አንጀለስ ታይምስ በጋራ ባወጡት ምርመራ፣ የካሊፎርኒያ የነርሲንግ ቦርድ አንድን ጉዳይ አጣርቶ ለመዝጋት በአማካይ 3 ዓመት ከ5 ወር ይወስድበት እንደነበር አሳዩ። የዘገባው ዋና ቁጣ በመዘግየቱ ምክንያት አደገኛ ነርሶች ሥራ ላይ መቆየታቸው ነበር፤ ትክክለኛ ቁጣም ነበር። አገረ ገዢው አርኖልድ ሽዋዝኔገር ዘገባው በወጣ በቀናት ውስጥ አብዛኞቹን የቦርዱን አባላት ቀየሩ፤ 18 ወር የሚል የጊዜ ግብም ተቀመጠ። ሆኖም የግዛቱ ዋና ኦዲተር በ2016 መጨረሻ 40 የተጣሩ ጉዳዮችን አንሥቶ ሲመረምር 31ዱ ከ18 ወር በላይ፣ ከእነዚህም 15ቱ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅተው አገኛቸው። የመዘግየት ጉዳት ሁለት ፊት አለው። ጥፋተኛዋ ሦስት ዓመት ታካሚ አጠገብ ትቆማለች፤ ንጹሕዋ ሦስት ዓመት ማመልከቻ እየሞላች «እናሳውቅሻለን» የሚል መልስ ትጠብቃለች። ስለዚህ ቦርዱ ይፍጠን ማለት ለነርስ ማዳላት አይደለም። አባቶች ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚሉት ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም ስለሆነ ነው፤ ምስክር ሥራ ይቀይራል፣ ትዝታ ይደበዝዛል፣ ሆስፒታሉ ኮምፒውተሩን ይለውጣል፣ ነርሷን ነጻ ሊያወጣት የሚችለው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል።

የአሜሪካ ሕግ ይህን ችግር በሌሎች ሙያዎች አይቶታል። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአንድ የጆርጂያ የሃይማኖት አገልጋይን ጉዳይ ሰማ። ሰውየው በመኪና ሦስት የገጠር ማኅበረሰቦችን ያገለግል ነበር፤ ብስክሌት የምትነዳ ሕፃን ከመኪናው ጎን ተጋጨች፤ ኢንሹራንስ ስላልነበረው ግዛቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ መንጃ ፈቃዱን ሊያግድ ተነሣ። ፍርድ ቤቱ የለም አለ። ፈቃድ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለሰውየው መተዳደሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ ግዛቱ ያለ ተገቢ ሥርዓት ሊወስደው አይችልም። በ1979 ደግሞ የኒው ዮርክ የፈረስ አሠልጣኝ ጉዳይ ቀረበ። ያሠለጠነው ፈረስ ሰውነት ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶ ነበርና፣ ፍርድ ቤቱ ግዛቱ በቂ ጥርጣሬ ካለው ፈቃዱን አስቀድሞ ማገዱን ፈቀደ፤ ነገር ግን ከእገዳው በኋላ ፈጣን ችሎት የማያረጋግጥ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ለነርሷ ግን ይህ ጥበቃ አይደርሳትም፤ ምክንያቱም በወረቀት ላይ ማንም ፈቃዷን አላገደም። ፈቃዷ በእጇ አለ፤ የሚቀጥራት ነው የጠፋው። ፈረስ የሚያሠለጥን ሰው በግልጽ ስለታገደ ፈጣን ችሎት መጠየቅ ይችላል፤ እሷ በግልጽ ስላልታገደች የምትጠይቀው ችሎት የለም።

ለዚህ ሁሉ ከባዱ ተቃውሞ ቻርልስ ከለን የሚባለው ስም ነው። ከለን በኒው ጀርሲና በፔንሲልቫኒያ ለ16 ዓመታት ያህል ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረ ታካሚዎችን በመድኃኒት የገደለ ነርስ ነው፤ በታኅሣሥ 2003 ተይዞ 29 ሰዎችን መግደሉን አምኖ ተፈረደበት። ይህን ያህል ጊዜ የቆየው የቀድሞ ቀጣሪዎቹ ተጠርጣሪነቱን እያወቁ ለአዲሱ ቀጣሪ ከሠራበት ጊዜ በቀር ብዙ ስላልነገሩ ነው። «ምርመራ ላይ ላለች ነርስ በር ክፈቱ የምትለው ሌላ ከለን እንዲገባ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል፤ የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ያሉበት ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከዚያ ታሪክ የተወሰደውን ትምህርት በቅርብ እንየው። ኒው ጀርሲ በ2005 ያወጣው ሕግ ተቋማት ለታካሚ ደኅንነት የሚያሰጋ ድርጊት ሲያዩ ለግዛቱ እንዲያሳውቁ፣ ሌላ ቀጣሪ ሲጠይቃቸውም እውነተኛ መረጃ እንዲሰጡ አስገደደ፤ በቅን ልቡና የሰጡትንም ከክስ ጠበቀ። ሕጉ ያዘዘው ዝርዝር ንግግር ነው። «ምርመራ ላይ ናት» የሚለው ቃል ደግሞ ምንም ዝርዝር አይሰጥም፤ ፊርማ የረሳችውንና ሰው የገደለውን በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። በዚያ ላይ ቦርዶች ለአስቸኳይ አደጋ የሚሆን ሥልጣን በእጃቸው አለ፤ ነርሷ ለታካሚ አፋጣኝ ስጋት ናት ብለው ካመኑ ችሎት ሳይጠብቁ ፈቃዷን ማገድ ይችላሉ። ማስረጃውን ያየው አካል ይህን ካላደረገ፣ ማስረጃውን ያላየው የቅጥር ክፍል በራሱ ማገዱ ምን ላይ ቆሞ ነው?

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ የነርሷ የራዶንዳ ቮት ነው፤ እዚህ ደግሞ ስህተቱ እውነተኛ፣ ሞቱም እውነተኛ ነው። በታኅሣሥ 2017 ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ አንዲት የ75 ዓመት ታካሚ ለምርመራ ወደ ማሽን ልትገባ ስትል የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዘዘላት። ነርሷ ከመድኃኒት ማውጫው ማሽን ላይ የመድኃኒቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ጻፈች፤ አላገኘችውም፤ የማለፊያ ትእዛዙን ተጠቅማ ሌላ መድኃኒት አወጣች። ጡንቻን የሚያሽመደምድ ነበር። ታካሚዋ ሞተች። ቮት ስህተቷን ወዲያው ተናገረች፤ ከሥራ ተባረረች። የቴነሲ የጤና መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2018 ጉዳዩ የዲሲፕሊን እርምጃ አያስፈልገውም ብሎ ዘጋው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌዴራል ተቆጣጣሪዎች ነገሩን ካወጡት በኋላ ግን ሁሉም ተገለበጠ፦ በየካቲት 2019 የወንጀል ክስ፣ በመስከረም 2019 ቦርዱ ቀድሞ የተዘጋውን እንደገና መክፈቱ፣ በሐምሌ 2021 የፈቃዷ መሰረዝ፣ በመጋቢት 2022 በቸልተኝነት የመግደል ጥፋተኝነት። ግንቦት 13 ቀን 2022 የቅጣት ውሳኔው ሲነበብ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ከሩቅ ግዛት ሳይቀር የመጡ ነርሶች ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር፤ ሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት ብቻ መሆኑ ሲሰማ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ቮት ጥፋት አልሠራችም የሚል ክርክር የለኝም፤ የሟቿ ቤተሰብም እንዲህ ያለ ክርክር ሊሰማ አይገባውም። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ድርጊት «እርምጃ አያስፈልገውም» ብሎ፣ መልሶ ከሙያ የሚያስወጣ ካለው፣ «ጉዳይ አለባት» ወይም «ጉዳይዋ ተዘግቷል» የሚሉት ቃላት ስለ ነርሷ ብቃት የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቀጣሪ የሚያስፈልገው ድርጊቱ ነው፦ ምን ተደረገ፣ ስንት ጊዜ፣ ነርሷ ራሷ ተናገረች ወይስ ተደረሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተማረች። ደጅ የቆሙት ነርሶች የፈሩትም ይህንኑ ነው፤ ስህተቱን የተናገረ ሰው ከደበቀው ሰው የባሰ ከተቀጣ፣ የሚቀጥለው ስህተት አይነገርም። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1999 ባወጣው ታዋቂ ሪፖርት በአገሪቱ ሆስፒታሎች በስህተት የሚሞቱትን በዓመት ከ44,000 እስከ 98,000 ገምቶ፣ ዋናው መንሥኤ መጥፎ ሰዎች ሳይሆኑ መጥፎ አሠራሮች መሆናቸውን ሲጽፍ የፈለገው ስህተት እንዲነገር ነበር።

ወደ ቦርድ የሚሄደው ጥቆማ ሁሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞት ያለበት አይደለም። የናርኮቲክ ቆጠራ አለመመጣጠን፣ ሳይመዘገብ የቀረ የደም ግፊት፣ ከቤተሰብ ጋር የተደረገ የቃላት ልውውጥ፣ «ታካሚ ጥላ ሄደች» የሚል ክስ አለ። የመጨረሻውን በተለይ ማንሣት ያስፈልጋል። ሁለት ሺፍት አከታትላ የሠራች ነርስ ሦስተኛውን እምቢ ስትል «ላይሰንስሽን ሪፖርት አደርጋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ በነርሲንግ ሆሞች ውስጥ የተለመደ ነው። ብዙ ቦርዶች ያልተቀበሉትን ሺፍት እምቢ ማለት የቀጣሪና የሠራተኛ ጉዳይ እንጂ ታካሚ ጥሎ መሄድ እንዳልሆነ በጽሑፍ አስታውቀዋል። ጥቆማው ግን ከገባ ገብቷል፤ እስኪዘጋም ድረስ በማመልከቻው ላይ «አዎ» ነው።

የአሜሪካ የእኩል ቅጥር ኮሚሽን በ2012 ስለ ወንጀል መዝገብ ባወጣው መመሪያ ላይ ጥሩ መለኪያ አስቀምጧል። መታሰር ብቻውን ወንጀል መፈጸምን አያሳይም፤ ስለዚህ በመታሰሩ ብቻ ሰውን ከሥራ ማስቀረት ተገቢ አይደለም፤ ከመታሰሩ ጀርባ ያለው ድርጊት ለሥራው የማያበቃ ከሆነ ግን ቀጣሪው ድርጊቱን መሠረት አድርጎ መወሰን ይችላል። ይህ መመሪያ ስለ ነርሶች ቦርድ የተጻፈ አይደለም፤ አስተሳሰቡ ግን ሙሉ በሙሉ ይሠራል። በፖሊስ ተይዞ የነበረ ሰው «ድርጊቱን ጠይቁ» የሚል መመሪያ ሲኖረው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው እናት ስታገላብጥ ያደረች ነርስ ያንን ያህል እንኳ አለማግኘቷ አያሳምነኝም።

ቀጣሪዎች የሚመልሱት መልስ አለ፦ «ጉዳይ ያለባትን ቀጥረን ታካሚ ቢጎዳ በቸልተኛ ቅጥር የምንከሰሰው እኛ ነን።» ስጋቱ ልብ ወለድ አይደለም። ነገር ግን በፍርድ ቤት ፊት ራሱን መከላከል የሚችለው ቀጣሪ የትኛው ነው? ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቆ፣ የጠበቃዋን ማብራሪያ አንብቦ፣ የቅርብ አለቃዋን አነጋግሮ፣ ጥርጣሬው በናርኮቲክ ከሆነ ናርኮቲክ የማትይዝበት ቦታ ላይ መድቦ የቀጠረው ነው ወይስ ማመልከቻው ላይ ሣጥን አይቶ የወሰነው? የነርስ ሥራም አልጋ አጠገብ ብቻ አይደለም። የኢንሹራንስ ማጣሪያ፣ የስልክ ምክር፣ የኬዝ አያያዝ፣ የአልጋ ድልድል፣ የማስተማር ሥራ አለ። ቮት ራሷ ከስህተቱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በሌላ ሆስፒታል በአልጋ ድልድል ሥራ ላይ ነበረች።

አሁን ወደ ነርሷ ልመለስ፤ እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ከጥቆማው ራሱ የበለጠ ሰው ሲያጠፉ ይታያልና። የመጀመሪያው መዋሸት ነው። ጥያቄው በምርመራ ላይ ስላለ ጉዳይ በግልጽ ከጠየቀ መልሱ «አዎ» ነው፤ በማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የመጀመሪያው ጥቆማ ያለ ማስረጃ ሲወድቅ ሐሰቱ በጽሑፍ ይቀራል። ጥያቄው ስለ ተወሰደ እርምጃ ብቻ ከሆነ ደግሞ «የለም» ማለት ሐቅ ነው፤ ያልተጠየቀችውን ለመናዘዝ አትገደድም። ሁለተኛው ግዛት መቀየር ነው። በ2000 የተጀመረው የነርሶች የፈቃድ ስምምነት ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያን፣ ቴክሳስንና ኮሎራዶን ጨምሮ ከ40 በላይ ግዛቶችን ያቅፋል፤ በስምምነቱ መሠረት ነርሷ መኖሪያዋን ብትቀይርም ምርመራውን የጀመረው ግዛት ይጨርሰዋል፤ አሳሳቢ የምርመራ መረጃም በአባል ግዛቶቹ መካከል ይተላለፋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ተስፋ ቆርጦ ፈቃድን መመለስ ነው። «ውሰዱት፣ ይብቃኝ» ማለት ነገሩን የሚዘጋው ይመስላል፤ ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ ገና ሲያዩት የሚያስደነግጣቸው ሰዎች፣ እኛም ከእነሱ ነን፣ ወደዚህ ይገፋሉ። ክፍት ምርመራ በ1990 ሥራ በጀመረው አገር አቀፍ የባለሙያዎች የመረጃ ባንክ ውስጥ አይመዘገብም፤ በምርመራ ላይ እያሉ ፈቃድን መመለስ ግን ይመዘገባል። የዲሲፕሊን ክስ እየታየ ፈቃዷን የመለሰችን ነርስ የፌዴራል መንግሥት ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ክፍያ ውጭ ሊያደርጋት ይችላል፤ ይህ ከሆነ ደግሞ በነርስነት ቀርቶ በዚያ ገንዘብ በሚተዳደር ሆስፒታል ውስጥ በጽሕፈት ሥራም መቀጠር አትችልም። በሦስት ዓመት ጥበቃ ልታልፈው የምትችለው ነገር በአንድ ፊርማ የዕድሜ ልክ ይሆናል።

ከቦርዶችም የሚጠየቀው የማይቻል አይደለም። የሰሜን ካሮላይና ቦርድ ጥቆማዎችን በሰው ልጅ ስህተት፣ በግድየለሽ ልማድና በሆነ ብሎ አደጋ መጋበዝ ለይቶ የሚመዝንበት መሣሪያ አለው፤ ቀላሉ በቀጣሪውና በነርሷ መካከል በትምህርትና በክትትል ያልቃል፣ የመርማሪው ጊዜም ለከባዱ ይተርፋል። ሌሎቹም ይህን መውሰድ ይችላሉ። በሕግ የታሰረ የመጨረሻ ቀን፣ ቀኑ ሲያልፍ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ፣ ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳይ ለቀጣሪ የሚሰጥ አጭር ደብዳቤ፤ እነዚህን በየግዛቱ ምክር ቤት መጠየቅ የነርሶች ማኅበራት ሥራ ነው፤ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች ያሏቸው ማኅበራትም ከዓመታዊ እራታቸው ጎን ይህን አጀንዳ ቢይዙት የአባላቶቻቸውን እንጀራ ይጠብቃሉ።

ይህን የምታነብ ነርስ ደብዳቤው ከደረሰሽ፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን በላዩ ተጽፏል፤ ከዚያ ቀን በፊት፣ ለመርማሪውም ስልክ ሳታነሺ፣ የፈቃድ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ አነጋግሪ። በራስሽ ስም የገዛሽው የሙያ ኢንሹራንስ ካለ የጠበቃውን ወጪ ይሸፍን እንደሆነ ፖሊሲውን አውጥተሽ እዪ፤ የሆስፒታሉ ኢንሹራንስ ሆስፒታሉን ነው የሚጠብቀው። ፈቃድሽን አድሺ። የሥራ ማመልከቻሽን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብቢ፤ የጠየቀሽን ብቻ፣ እውነቱን መልሺ። ለአንድ የምታምኛት ሰውም ንገሪ።